መድፍና የወንድሜ መርዶ

በማን እጅ?

በእኛ አገር አንድ ሰው በመሣሪያ ሞተ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ቀኑም፣ ቦታውም፣ ቀብሩም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከተማ ያደጉ ሰዎች ጥያቄውን ሲሰሙ በቀል ብቻ ይመስላቸዋል። በቀልም አለበት፤ አልዋሽም። ነገር ግን የገዳዩ ስም ሲታወቅ ሽማግሌ የሚሄድበት ደጅ ይታወቃል። ማን ከማን ጋር ገበያ ላይ መገናኘት እንደሌለበት፣ የማን ከብት የማንን ወንዝ እንደማይሻገር፣ እርቁ በማን አማላጅነት እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ሐዘኑ አጥር ይበጅለታል። ወንድሜ ሲሞት እኔም ጠየቅሁ። ዛሬም ይህን ስጽፍ መልስ የለኝም። የወደቀበት መድፍ ነው።

ይህን ቃል ልጅ ሳለሁ እቀናበት ነበር። ሰፈራችን ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በእግር የሚገባበት ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ የመድፍ ቀለህ ተሰቅሎ ነበር፤ መድፍ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ የናስ ቀፎ ማለት ነው። ከየትኛው ጦርነት እንደተረፈ፣ ማን ተሸክሞ እንዳመጣው የሚያውቅ አላጋጠመኝም። በብረት ሲመቱት ድምፁ ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል። ደወል ብሎ የሚጠራው ሰው ግን አልነበረም። «መድፉ ተመታ» ነው የሚባለው። መድፉ ሲመታ ልጆች ይሮጣሉ፣ ሴቶች ድስት ይጥዳሉ፣ ራቅ ብሎ የሚያርስ ሰው ፀሐይዋን ቀና ብሎ ያያል። እኔ የምሰማው ከቤት ሁኜ ነበር። ሌሎች ልጆች በመድፍ ይጠሩ ነበር፤ እኔን የሚጠራኝ አልነበረም።

ከዚያ ዳሩኝ። ስለዚያ ቤት ብዙ የምለው የለኝም፤ አልቆየሁበትም። ወደ እናቴ ቤት ስመለስ እኩዮቼ ሁለተኛ ልጃቸውን አዝለው ነበር። አባቴ በዚያን ጊዜ ሞቷል። ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱም ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ እርፍ የጨበጠ ሰው ነው። አንድ ጠዋት እኔ አመድ ልደፋ ስወጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና «እጅሽን ታጠቢ፤ መድፉ ሳይመታ እንድረስ» አለኝ። የት እንደምንሄድ አልጠየቅሁም። ገብቶኝ ነበር፤ ከጠየቅሁ እንዳይቀር ፈራሁ።

አንደኛ ክፍል ስገባ ቁመቴ የመምህሩን ያህል ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ከአጠገቤ ቁጭ ብላ ለብዙ ጊዜ ስታየኝ ቆየችና «እትዬ፣ ልጅሽ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማታ ለወንድሜ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእርሻ ሲመለስ የሚቀበለኝ «እትዬ፣ ልጅሽ ዛሬ ምን ተማረ?» እያለ ነው። ፊደሉን ቶሎ አልጨረስሁም፤ አንዱን ሳልጠነቅቅ ወደ ሌላው መሄድ አይሆንልኝም። መምህሩ በዚህ ይማረሩብኝ ነበር። ወንድሜ ግን አንድም ቀን ቶሎ በይ ብሎኝ አያውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ፣ ድሮ ንጉሥ ሲነግሥና የንጉሥ ልጅ ሲወለድ መድፍ ይተኮስ እንደነበር ተማርን። እጄን አነሣሁና የተተኮሰው የት እንደሚወድቅ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የታሪክ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። ለክብር የሚተኮስ መድፍ ባሩድ ብቻ እንደሆነ፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚወድቅ ነገር እንደሌለው አስረዱኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከንጉሡም ከልደቱም ምን ነበረኝ፤ የሚወድቅ ነገር አለመኖሩ ነው ደስ ያለኝ።

አሁን ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነኝ። ሥራዬ መጻሕፍትን በተራቸው መደርደር፣ የተቀደደውን መለጠፍ፣ ልጆችን ዝም ማሰኘት ነው። ዝም ማሰኘቱ እንኳን ሰሞኑን አያስቸግርም። ከሩቅ ከባድ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ራሳቸው ዝም ይላሉ። ቀጥሎ አንዱ ቀስ ብሎ «መድፍ» ይላል። ሌላው ደግሞ «መድፍ አይደለም ባክህ፣ ዲሽቃ ነው» ብሎ ያርመዋል። ሁለቱም በጆሮ ለይተው ያውቃሉ። በእነሱ ዕድሜ እኔ የጤፍንና የዳጉሳን ቡቃያ የምለየው እንደዚያ ነበር። የመስኮቶቹን መስታወት በፕላስተር በመስቀል ቅርፅ ለጥፌያቸዋለሁ፤ ቢሰበር እንኳን ስብርባሪው ልጆቹ ላይ እንዳይረግፍ ብዬ።

ቃል ከያዘኝ አይለቀኝም፤ ይህ ጠባዬ ነው። አንድ ሰሞን ሥራ ሲቀዘቅዝ በመደርደሪያዬ ላይ ካሉት የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ መድፍ የተጠቀሰበትን ሁሉ እየፈለግሁ አነበብሁ። ጥይት ሰው ይመታል። መድፍ ግን የሚመታው ምሽግ ነው፣ ተራራ ነው፣ ከተማ ነው። ቦታው ተደበደበ ይባላል። በቦታው ላይ ማን ቁሞ እንደነበር የሚናገር መጽሐፍ በእኔ መደርደሪያ ላይ አላገኘሁም። በሰፈራችንም እንደዚያው ነው። ድምፀ ጎርናና ሰው መድፍ ይባላል። በሠርግ ላይ እልልታዋ ከሌሎቹ ልቆ የሚሰማ ሴት መድፍ ናት ትባላለች። ሁሉም ስለ ድምፁ ነው። እናቴም ወንድሜ ሲያንኮራፋ «ይኸ ደግሞ መድፍ ነው» ትል ነበር፤ ማታ ማታ ምሰሶው ይነቃነቃል እያለች ጎረቤት ታስቅበታለች።

እናቴ ወደ እኔ የመጣችው ለዓይኗ ነው። ሁለቱንም ሞራ ጋርዷቸዋል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ ሰው በር ላይ ሲቆም ታውቃለች፤ ማን እንደሆነ ግን እስኪናገር ትጠብቃለች። በመስከረም መጨረሻ ወንድሜ እስከ ማንኩሳ በበቅሎ አምጥቶ፣ ከዚያ በመኪና አሳፍሮ አስረከበኝ። ሲለያዩ በርበሬው እንደተለቀመ መጥቶ እንደሚወስዳት ነገራት። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። የዓይን ሕክምናውም በዚያው ቀረ። እናቴ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ፣ ጥጡን በጣቷ እየዳሰሰች ትፈትል ጀመር። ለወንድሜ ጋቢ ነው። ፈትሏ ባታየውም ቀጭን ነው።

ከሩቅ ድምፅ ሲመጣ ቀና ብላ «ይኸው፣ ልጄን እንቅልፍ ወሰደው» ትላለች። የጎረቤት ሴቶች ይስቃሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም እስቅ ነበር።

መርዶውን የሰማሁት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁሜ ነው። ከማንኩሳ ወገን በርበሬ እያመጣች የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች፤ በእናቴ በኩል በሩቁ ትዛመደናለች። መኪና ከቆመ ወዲህ በእግሯ ነው የምትመላለሰው። ወንድ ከሆነ በመንገዱ በሁለቱም ጫፍ ባሉት ታጣቂዎች ይጠየቃል፤ ሴት ሸክም ካላት ብዙ ጊዜ ያሳልፏታል። በዚያ ቀን ዘንቢሏን ከአጥሩ ሥር አስቀምጣ አስጠራችኝ። ስወጣ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና «እግዜር ያጥናሽ እቴ፤ እግዜር ያጥናችሁ» አለችኝ።

ይህ ለማን እንደሚባል አውቃለሁ። እሷም ከአፏ ከወጣ በኋላ ፊቴን አይታ አወቀች። ሳምንት አልፎታልና በሌላ መንገድ ሰምታለች ብላ ነው። ከእኛ አገር ሰው በቀር እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ያለ አይመስለኝም፤ መርዶ ላልሰማ ሰው ማጽናኛ። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ማን እንደሆነ እኔው ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ወንድሜ ከበርበሬ ማሳው ላይ ነበር። አንድ መድፍ ነው የወደቀው፤ ከዚያ በፊት የወደቀውን ወንዙ ነው የበላው። ሚስቱና ልጆቹ ቤት ነበሩ፤ ተርፈዋል።

«በማን እጅ?» አልሁ።

እኔ ነኝ ያልሁት። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብሁት ሴት የጠየቅሁት እናቴ የምትጠይቀውን ነው። ሴትየዋ አየችኝ።

«ኧረ እቴ፣ መድፍ እጅ አለው? ከሩቅ ነው የመጣው።»

ከወዲህ ያሉት ከወዲያ ነው እንደሚሉ፣ ከወዲያ ያሉት ከወዲህ ነው እንደሚሉ ነገረችኝ። ለቀስተኛው ሲበተን ሽማግሎች እንደ ደንቡ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር አለች፤ የሚላክበትን ደጅ ሊያውቁ። ድምፁን የሰማውን ሰው ሁሉ ጠየቁ። አንዱ ወደ ፀሐይ መውጫ አመለከተ፣ አንዱ ወደ መግቢያ፣ አንዱ ደግሞ ተኝቶ እንደነበር ነገራቸው። ሽማግሎቹ ምርቃትም ሳያደርጉ በየፊናቸው ሄዱ። የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ «ታዲያ እኔ ማንን ልጥላ?» እያለ ይጠይቃቸው እንደነበር ሰምታለች። ይህን ስትነግረኝ ዘንቢሏን አነሣች። ገበያ ሊበተንባት ነው። እኔም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለስሁና ጠረጴዛ ላይ የተተዉትን መጻሕፍት ወደ ቦታቸው መለስሁ። አንዱንም ያለቦታው አላስቀመጥሁም።

መርዶ አንድ ሰው የሚያረዳው ነገር አይደለም። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ቄስና ሽማግሌ ሁነው ይሄዳሉ። ሴቶች ቀድመው ገብተው በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ፤ የምትረዳዋ ሴት ራሷን መሬት ላይ እንዳትፈጠፍጥ ይይዟታል። ንግግሩን የሚጀምሩት ከሩቅ ነው፤ ሞተ የሚለውን ቃል ማንም አይጠራውም፤ ራሷ ትደርስበታለች። እናቴ ግን ያለችው በሰው ከተማ፣ በልጇ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አጎቶቼ አርጅተዋል። ጎልማሶቹ በመንገዱ አያልፉም። የወንድሜ ሚስት በሐዘን ላይ ናት። የስልክ መስመርም የለም።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በአንድ አፍ አይነገርም አሉ። ዘመድ ይምጣ፣ መንገድ ይከፈት፣ እስከዚያ ታገሽ አሉ። እሺ አልሁ፤ ቀጥዬ ግን ያ ሁሉ ተሟልቶ ስንነግራት የምትጠይቀንን ጠየቅኋቸው። በማን እጅ ስትል ምን እንላለን?

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «በእግዚአብሔር እጅ ብንላትስ?»

«አባ፣ እግዚአብሔር መድፍ አለው እንዴ?»

እንዲህ ያለ ነገር ለቄስ ተናግሬ አላውቅም። አልተቆጡም። «የለውም፤ ያልሁትን መልሼ ዋጥሁት» አሉ። ሌላ የምነግርሽ ግን አጣሁ ብለው ባረኩኝና ወደ ሰዓታት ጸሎቱ ገቡ። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር በዓይናቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ።

እንዲህ ሁነን ኅዳርና ታኅሣሥ አለፉ። መርዶ ያልተነገረበት ቤት ጥቁር አይለበስበትም። ቀይ ሻሼን እያሰርሁ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ከሥራ ጓደኞቼ የሚያውቁት ከእናቴ ፊት ሲቀርቡ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ እንኳን ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ይመስላሉ። እናቴ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ «እነዚህ ጓደኞችሽ ምነው እንዲህ ተገሩ? ድሮ ጯሂዎች አልነበሩም?» ብላ ትጠይቀኛለች። ዘመኑ ነው እላታለሁ። ዘመኑ ለሁሉም ነገር ይበቃ ነበር።

ለገና ጠጉሯን ቅቤ እንድቀባት ጠየቀችኝ። ያዘነ ሰው ቅቤ አይቀባም። እሷ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ቅቤው ውድ ሁኗል አልኋት። ደግሞ እኮ ከጥግ ላይ ሽታው ይሸታት ነበር። «ለአንዲት ሽበታም እናትሽ ሠሠትሽ?» አለችኝና ሳቀች። እኔ ወጥ ቤት የሌለኝ ሴት ነኝ፤ ወጥቼ የማለቅስበት ሌላ ክፍል የለኝም። ውሃ ልቅዳ ብዬ ጄሪካኑን ይዤ ወጣሁ። ጄሪካኑ ሙሉ ነበር።

ስልክ አንዳንድ ቀን ብቅ ይላል። ያን ጊዜ እናቴ ትሰማለች፤ የጎረቤት ስልክ ሲጮህ። «ደውይለት እስኪ፤ ድምፁን ልስማ» ትለኛለች። ቁጥሩን እነካለሁ፤ እውነት ነው የምነካው። ስልኩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በሌላኛው ጫፍ ያለችው ሴት፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ስትል እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማና «ይቺ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ከወንድምሽ ቤት ናት» ትላለች። ጎረቤቶች ቢሰሙ ኑሮ ይስቁ ነበር።

ሌሊት ሳይሆን ቀን ነው የሚከብደኝ የነበረው። ከሩቅ ያ ድምፅ ይመጣል። እንዝርቷን ታቆማለች። ፊቷ ይፈካል። «ይኸው፣ ልጄን እንቅልፍ ወሰደው።» አንድ ጊዜ እንዲህ አትበይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ለምን ብትለኝ የምለው ስለሌለኝ መልሼ ዘጋሁት። ለልጆች የቃል ፍች የማስረዳ ሰው ነኝ፤ ለእናቴ አንዱንም ቃል ማንሣት አቃተኝ። በሐሳቤ ሁልጊዜ እጀምረዋለሁ። ወንድሜን ሰው ገደለው አልልም፤ ሰው አልታየም። ታመመ አልልም፤ ውሸት ነው። መድፍ ወደቀበት ስል ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ እንደ ዝናብ ይመስላል፤ ማንም ያልወረወረው ነገር ይመስላል። ሁሉንም በተራ እሞክራቸዋለሁ፣ ሁሉንም እመልሳቸዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ መንገድ ለጥቂት ቀናት ተከፈተ። በዚያው ሳምንት ቡሬ ላይ የዓይን ሐኪሞች ሞራ እንደሚገፉ ተሰማ። ጎረቤቶች ተሰብስበው መከሩኝ፤ ሁለት ወገን ሁነው። አንዱ ወገን ሳትሄድ አርጃት አለ፤ ሌላው ወገን ከተረዳች አትሄድም፣ ዓይኗ እንደጠፋ ይቀራል አለ። ከሕክምናው በኋላ ይነገራት ያሉም ነበሩ፤ እንባ የተገፋ ዓይን ያበላሻል ተብሎ ያም ቀረ። ስለዚህ ዓይኗ እስኪሽር፣ ማለት እስከ ክረምት። ደግሞ ክረምት ሲመጣ ሌላ ነገር ይመጣል። ቄሱም ሐሳባቸውን ሲጠየቁ ወደ እኔ አዩ። እኔም ትሂድ አልሁ። አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር፤ እናቴ አልረሳችውም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና በማንኩሳ ያልፋል።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ደረስን። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። የተሸመነውን ጋቢ በላስቲክ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ይዛዋለች። ዕቃ ነው፣ ልያዝልሽ ብላት አልሰጥም አለች። በሚኒባሱ ጥላ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋት። ረዳቱ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ እያለ ይጣራል። ማንኩሳ የሚለውን ስትሰማ ወደ ድምፁ ዞረች።

እንግዲህ ዕቅዷን ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ማንኩሳ ላይ እንወርዳለን። ከመንገዱ ዳር ከምታውቃት ሴት ቤት ትቀመጣለች። እኔ ሰው ልኬ ወንድሜን አስጠራዋለሁ። ጋቢውን ትሰጠዋለች፣ ፊቱን በእጇ ትዳስሰዋለች፣ ከዚያ ቡሬ እንሄዳለን። መኪና ባናገኝ እዚያው እናድራለን። ሐኪሞቹ ነገም አሉ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም፤ ለወራት ስታሰናዳው የከረመችው ነገር ነው። «ዓይኔ ከበራ በኋላ ደግሞ በደንብ አየዋለሁ። ዛሬ ለእጄ ነው» አለችኝ።

የሚያግዘኝ ፍለጋ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አንዲት ሴት ድንች በጆንያ ይዛ ተቀምጣለች። ሁለት መምህር የሚመስሉ ወንዶች ቁመው ያወራሉ። የማውቀው ሰው አንድም የለም። ፀሐይ ወጥታለች፤ እናቴ ቁርስ በልታለች። ቄስ የለ፣ ሽማግሌ የለ።

«እማዬ፣ ማንኩሳ አንወርድም።»

«ለምን?»

ከሩቅ ልጀምር ነበር የፈለግሁት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘመኑ፣ ሰው ሁሉ ስለሚያጣው ነገር። ለወራት ያሰናዳሁት ሁሉ ነበረኝ።

«የሚጠብቀን የለም» አልሁ።

ወደ እኔ ዞረች። በዚያ በማያይ ዓይኗ አፌን ስትፈልግ አየሁ። ጋቢውን የያዘው እጇ ጠበቀ። ረዳቱ እየተጣራ ነው፤ ሞተሩ ተነሥቷል።

«ከመቼ?»

«በርበሬ ሲለቀም።»

ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ተነሥታ ራሷን እንዳትጥል ሁለት እጄን ዘርግቼ ቁሜ ነበር፤ ብቻዬን እንዴት እንደምይዛት እያሰብሁ። አልጮኸችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወራቱን መለስ ብላ የምታያቸው መሰለኝ፤ ቀይ ሻሼን ሳይሆን ድምፄን፣ ጄሪካኑን፣ የጓደኞቼን ዝምታ።

«አንቺ ስትሰሚ ማን ያዘሽ?» አለችኝ።

በማን እጅ የሚለውን እየጠበቅሁ ነበርና ምን እንደጠየቀችኝ ቶሎ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

«ማንም። ቁሜ ነው የሰማሁት።»

ጋቢውን ድንጋዩ ላይ ትታው ተነሣች። እጇን በአየር ላይ እየዳሰሰች መጥታ ትከሻዬን አገኘች። በሁለት ክንዷ ከኋላዬ ዞራ ጠፍራ ያዘችኝ፤ ሴቶች መርዶ የሚነገራትን ሴት እንደሚይዙት፣ ሲያዩት የሚያም አያያዝ ነው፣ ውስጡ ሲሆኑ ግን አያምም። «በይ አሁን» አለችኝ ጆሮዬ ላይ።

ከወንድሜ ሞት ወዲህ ድምፅ አውጥቼ ያለቀስሁት በዚያች ሰዓት ነው። ድንች የያዘችው ሴት ጆንያዋን ለቅቃ መጣች። ማን እንደሆንን አልጠየቀችም፤ እናቴን ከጀርባዋ ያዘቻት። መምህራኑ ቆባቸውን አውልቀው ራቅ ብለው ቆሙ። መኪናው ትንሽ ጠብቆን ሄደ።